ከዌብሳይት ጋር የታረቀችው እህቴ

ሐረር ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ከረባት አስሮ የሚዞር ሰው ወይ ሙሽራ ነው፣ ወይ ባንክ ቤት ይሠራል፣ ወይ ደግሞ ሊዘርፍህ ነው። የሰፈራችን ልጅ አላገባም፤ ባንክ ቤትም አልተቀጠረም። እናቱ ከእኛ አጥር ማዶ ናት። አፍንጫውን ስትጠርግለት አይቻለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ሲደግምም አውቃለሁ። እንግዲህ ይኸው ልጅ ነው አንድ ቀን ከረባት አስሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ብብቱ ሥር ቦርሳ ወሽቆ «ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ» ብሎ የመጣው። የምን ሥራ አስኪያጅ? የኢንተርኔት። ወይ ጉድ! ኢንተርኔትን የሚያስተዳድር ሰው ከእኛ ሰፈር ወጣ።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ ኢንተርኔት ቤት እንደ ሱቅ በየጥጉ የተከፈተ ጊዜ ነው። ከሸዋ በር፣ ከአሮጌው ከተማ ግንብ መውጫ፣ ወደ አዲሱ ከተማ ስትወጡ ግራና ቀኝ ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። ውስጣቸው አቧራ የጠጡ ኮምፒውተሮች፣ ፊት ለፊታቸው የፕላስቲክ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ጉንጩን በጫት የወጠረ ጎረምሳ። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ «ኧረ!» ይላሉ። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ኮምፒውተር አያስደነግጠኝም። እህቴን ግን ያስደነግጣት ነበር፤ የሚያስደነግጣትን ነገር ደግሞ ታከብራለች። ችግሯ እሱ ነው።

እህቴ የእኔ ታናሽ ናት፣ ልብስ ሰፊ። ግንቡ ውስጥ መኪና ግርግር የምንለው መንገድ አለ፤ ስሙ የወጣለት ዳርና ዳር ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ጩኸት ነው። ጨርቁን እዚያው ገዝታችሁ፣ እዚያው ተለክታችሁ፣ ሰላምታ ተለዋውጣችሁ ሳትጨርሱ ቀሚሱ ይደርሳል። እህቴ እዚያ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ አባታችን ከመሞቱ በፊት በገዛላት ጥቁር የእግር መኪና፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ልጆች አሳድጋለች። አብልታለች፣ አልብሳለች፣ አስተምራለች። ከዚያ መኪና ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም የላትም። ይህን አትርሱብኝ፤ የማወራችሁ ሁሉ ስለዚያ መኪና ነው።

አንድ ክረምት ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ አገላብጦ አየና «ፔዳል መርገጥ ታቆሚያለሽ» አላት። እንዲህ በቀላሉ! እሱ ደመወዙ ወር ጠብቆ ይመጣለታል፤ ለእሷ ማን እንደሚያመጣላት አልነገራትም። እያነከሰች መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠችና «እንግዲህ ምን ልሆን ነው?» አለችኝ። ባለ ከረባቱ ያን ጊዜ ነው በአጥሩ በኩል የሰማን።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መፍትሔ አለው» አለ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ከቤቷ ሳትወጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ዶላር የምታገኝበት ሥራ አለ። ድርጅቱ ውጭ አገር ነው፣ ትልቅ ነው፣ ባለቤቶቹ ፈረንጆች ናቸው። የሚፈልገው ትንሽ የአባልነት ክፍያ ብቻ ነው፤ በየወሩ። ውጭ አገር ላለ ድርጅት እንዴት ነው የሚከፈለው ስለው ደረቱን ነፋ አድርጎ «በእኔ በኩል» አለኝ። በብር፣ በእጁ፣ ያለ ደረሰኝ። የዚያ ሁሉ ዓለም አቀፍ ድርጅት ገንዘብ ቤት የዚህ ልጅ የሱሪ ኪስ ነበር። እኔ ሳቅሁ። እህቴ አልሳቀችም፤ የሚያማት የእሷ ጉልበት እንጂ የእኔ አልነበረም።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ማስታወቂያ መጫን። ስክሪኑ ላይ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ትጫኑታላችሁ፣ ሌላ ይመጣል፣ እሱንም ትጫኑታላችሁ። የውሻ ምግብ። የበረዶ ጫማ። የሣር ማጨጃ። ሐረር ላይ ለጅብ ሥጋ የሚያጎርስ ሰው አለ እንጂ ለውሻው በቆርቆሮ ምግብ የሚገዛ እኔ አላየሁም። ኮምፒውተር ስለሌላት ደግሞ፣ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት በየቀኑ ከቤቷ ትወጣ ነበር። በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች እስከ ሸዋ በር፣ ከዚያ በባጃጅ እስከ ኢንተርኔት ቤት። ለባጃጁ ትከፍላለች፣ ለኢንተርኔት ቤቱ ትከፍላለች፣ ለባለ ከረባቱ ትከፍላለች። ለእሷ የሚከፍል ግን የለም።

እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። የእኛው ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዲግሪ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት፣ በዕረፍት ሰዓት ተደብቀው ሲመዘገቡ አይቻለሁ። አንዱን «አንተ ደግሞ ምን ቆርጦህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ሞክሮ ማየት አይከፋም» አለኝ። ለተማሪዎቹ ሒሳብ የሚያስተምረው እሱ ነው እንግዲህ። ሌላው ደግሞ ሁለት ሰው ካመጣ የራሱ ክፍያ እንደሚቀነስለት ሲሰማ የገዛ አማቹን አስመዘገበ። የተማረ ሰው ሲሞኝ ማየት ያስጠላል፤ ሞኝነቱን በትልልቅ ቃል ስለሚያስረዳችሁ ጆሮም ያደክማል።

እህቴ ከኢንተርኔት ቤቱ ስትመለስ «ዶላሬ አድጓል» ትለኛለች፣ ዓይኗ እያበራ። አደገ የምትለው ስክሪኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። አንድ ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩና «በይ አውጪውና ልየው» አልኳት። ጫነችው። ጽሑፍ ወጣ፣ አነበብኩላት። ገንዘቡን ማውጣት የሚችሉት የወርቅ አባላት ብቻ ናቸው ይላል፤ የወርቅ አባል ለመሆን ደግሞ ከፍ ያለ ክፍያና የራስ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ደሜ ፈላ። እዚያው በጎረምሶቹ መሀል «ስሚኝ» አልኳት። «እኔ ትምህርት ቤት ስሠራ እነሱ ናቸው የሚከፍሉኝ። አንቺ ቀሚስ ስትሰፊ ባለ ቀሚሷ ናት የምትከፍልሽ። ሠራተኛዋ የምትከፍልበት ሥራ ከየት የመጣ ነው? አቁሚ!»

እህቴ የዋህ ናት እንጂ ደደብ አይደለችም። በማግሥቱ ልጁን ጠርታ «አቁሜአለሁ፤ የከፈልኩትን መልስልኝ» አለችው። እኔም «እሰይ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። በሌላ አገር ቢሆን አጭበርባሪው ወይ ይጠፋል ወይ ይከሰሳል መሰለኝ። የእኛ አገር አጭበርባሪ ግን ሌላ መላ አለው። ሽማግሌ ላከ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ሁለቱ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ የምለው አለኝ፣ ግን ለሰላም ስል እተወዋለሁ። ሦስተኛው አባባ ሐጂ ነበሩ። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በኩል የሚወርዱ ገበሬ ናቸው፤ ጫትና ቡናቸውን ሸዋ በር አውርደው ሲሸጡ ነው ከአባታችን ጋር የተወዳጁት። ለዒድ እኛ እሳቸው ቤት፣ ለፋሲካ እሳቸው እኛ ቤት መጠያየቅ አልቀረም ነበር። አባታችን ሲሞት ከቀባሪው ፊት ፊት የሄዱት እሳቸው ናቸው። እህቴም ለቤተሰባቸው በሙሉ ስትሰፋ ኖራለች። ባለ ከረባቱ ይህን ያውቃል፤ መርጦ ነው ያመጣቸው። ዓይን አውጣ!

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልን።

«እሺ ሳትሉን አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም።

ፀቡ ምን እንደሆነ አያውቁም። ልጁ የነገራቸው «እንደ እህቴ ከማያት ጎረቤቴ ጋር ተኳርፌአለሁ፣ አስታርቁኝ» ብሎ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ፀቡን ሊያበርዱ እንጂ ማን ማንን እንደበላ ሊመረምሩ አይመጡም። ዌብሳይት ምን እንደሆነ ደግሞ ከሦስቱ አንዱም አያውቅም። ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ወርቅ አባልነቱ፣ ስለ ሱሪው ኪስ ተናገርኩ። አንደኛው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ ሰማኝና «አንቺ ልጅ፣ ውጭ አገር ድረስ ስም ያለው ድርጅት ማስቀየም ደግ አይደለም» አለኝ።

አባባ ሐጂ ወደ እህቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ጎረቤት ነው። ቢያጠፋም ልጅ ነው። ለአላህ ብለሽ፣ ለእኔ ለሽማግሌው ብለሽ፣ አፉ በዪው። ያቋረጥሽውን ቀጥዪ።»

እህቴ በሕይወቷ ለሽማግሌ እምቢ ብላ አታውቅም። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል» አለች። እንዲህ ሆኖ እህቴ ከዌብሳይት ጋር የታረቀች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ዌብሳይቱ ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን ካቆመበት ቀጠለ።

«ይሁን፣ ታረቁ» አልኩ። «ግን ነገ ይሄ ነገር ቢበላሽ ዋሱ ማነው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣሪያውን አዩ። አባባ ሐጂ ለአፍታም አላመነቱም። «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ጠቅ አድርገው። «ወላሂ፣ እኔ አለሁ።» ከዚያ ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን፣ ተቀመጡ። ባለ ከረባቱ ከበሩ ኋላ ብቅ አለና ጎንበስ ብሎ የእህቴን ጉልበት ሳመ። ያንኑ የሚያማትን ጉልበት! በሆዴ ሁሉንም አንድ በአንድ ሰደብኳቸው። አባባ ሐጂንም አልማርኩም፤ ሞኝ ሽማግሌ አልኳቸው።

ከዕርቁ በኋላ ልጁ ልብ አገኘ። እህቴ አሁን በሽማግሌ የታሰረች ሰው ናት፤ የትም አትሄድበትም። «አንዴ ወርቅ ብትሆኚ እኮ የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣልሽ ነበር» ይላታል ጠዋት። «የጎደለሽ ኮምፒውተር ብቻ ነው» ይላታል ከሰዓት። እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። አንድ ቀን እኔ ሥራ በሄድኩበት እህቴ መኪናዋን ሸጠች።

አላማከረችኝም። የሸዋ በር የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች መጥተው ጭነው ወሰዱት። በምትኩ ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፕ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ሁለት ቁልፍ የጎደለው፣ ማጠፊያው በፕላስተር የተያያዘ። የማን ላፕቶፕ መሰላችሁ? የራሱ የልጁ! አሮጌ ዕቃውን እሷ ላይ አራገፈና የተረፋትን የወርቅ ክፍያ ብሎ ተቀበላት። በረንዳው ላይ፣ መኪናው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ፣ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። መንገደኛው ሁሉ ሰው የሞተብኝ መስሎት «ምን ሆንሽ?» ይለኝ ነበር።

ወርቅነቱ ወር አልሞላውም። አንድ ጠዋት እህቴ ላፕቶፑን ስትከፍት ቁጥሩ የለም፣ ዶላሩ የለም፣ የውሻ ምግቡም የለም። ነጭ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። «ጥገና ላይ ነን፤ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» ይላል ብዬ ነገርኳት። ትዕግሥታችን! ሰው ዘርፎ ማመስገን ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? የልጁ ስልክ ተዘግቷል። እናቱን ብንጠይቃት «ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ» አለችን፤ ምስኪን፣ ከልቧ ነበር የምታምነው።

እህቴ ቤቷ ቁጭ አለች። እግሯን ዘርግታ፣ ከቤት ሳትወጣ። ቃል የተገባላት ይኸው አልነበር? ደንበኞቿ ጨርቅ ይዘው ሲመጡ «ሌላ ሰው ጋ ውሰዱት» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ትልቋ ልጇ ትምህርቷን ልታቋርጥና ሰው ቤት ልትቀጠር እንደሆነ ስሰማ መታገሥ አቃተኝ።

«አባባ ሐጂ ጋ እሄዳለሁ» አልኳት። «ዋስ ነኝ ብለው የለ?»

«አቦ ተይኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ሽማግሌ ልትከሺ ነው? የአባታችንን ወዳጅ? ከሄድሽ እኔና አንቺ ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም።»

አልሄድኩም። በማን እንደተናደድኩ ራሴም አላውቀውም ነበር። በልጁ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በእሷ፣ በዚያ በማናውቀው ፈረንጅ። በሁሉም ተናድጄ እየዋልኩ ተናድጄ አድር ነበር።

እኛ ባንነግራቸውም ሸዋ በር ገበያ ላይ የማይወራ ነገር የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ከኋላ ወንበሩ ላይ አባባ ሐጂ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው በገመድ የታሰረ ጥቁር የስፌት መኪና፣ እግሩ ወደ ውጭ ወጥቶ። እህቴ ደጃፉ ላይ ሆና አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። የልጅ እናት ልጇን አትስትም፣ እሷም መኪናዋን አልሳተችም።

«አባባ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«ባቢሌ ገበያ ደርሶልሽ ነበር» አሉ፣ ላባቸውን በፎጣቸው እየጠረጉ። «ኑ አግዙኝ እንጂ፤ ወገቤ እምቢ ብሏል።»

«አልቀበልም! እርስዎ ምን አጠፉ?» ብላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው ቀና አደረጓት።

«ልጁ ጠፋ» አሉ። «እኔ አልጠፋሁም። ዋስ ነኝ ብዬ ነበር አይደል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎችስ? እነሱ ያን ሰሞን በእኛ በር ማለፉን ትተውት ነበር።

አባባ ሐጂ ገብተው ውኃ ጠጡ። ትንሽ ሲረጋጉ ወደ እኔ ዞረው «ግን ልጄ፣ ያ ድርጅት ምን ነበር የሚሸጠው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የውሻ ምግብ፣ አባባ።»

«የምን?»

«የውሻ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉና ከዘራቸውን ብድግ አደረጉ። እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፣ እያለቀሰች።

መኪናውን ለማስመለስ ጊደራቸውን እንደሸጡ የነገረን በኋላ የባጃጁ ሹፌር ነው። እኔ አሁንም ያን ዕርቅ መምራታቸው ስህተት ነበር እላለሁ፤ ከመቃብራቸው ላይ ቆሜም እላለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ከፈረንጁም፣ ከሥራ አስኪያጁም፣ ከእኛ ባለ ዲግሪዎችም መሀል፣ ቃላቸውን የፈጸሙ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መኪናው ወደ በረንዳው አልተመለሰም። መኪና ግርግር ላይ የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጠመለት፤ አሁን በእግር ጫፍ ነካ ሲደረግ ይሄዳል። ቤቷ ውስጥ መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው፤ ደንበኞቿም እዚያው ይመጡላት ጀመር። እህቴ እንዲህ አድርጋ ከቤቷ ሳትወጣ መሥራት ጀመረች፣ ያለ አባልነት ክፍያ። ልጇም ከትምህርቷ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። «እትዬ፣ ይሄ ሥራ እውነት ነው?» ይለኛል። አላነበውም እንኳ። «አንተ ነህ የምትከፍለው ወይስ እነሱ?» እለዋለሁ። «እኔ፤ ግን ለመጀመሪያው ብቻ...» ሲል ስልኩን ኪሱ ውስጥ መልሼ እከትለታለሁ። አንዳንዱ ያኮርፈኛል። ያኩርፍ! ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ቢያኮርፈኝ ይሻለኛል።

አባባ ሐጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ልጁ ደግሞ ተመለሰ። እንዴት አይመለስ! አሁን ከረባት ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ልብስ ነው። ነጭ መኪና ይነዳል፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ሰው ሰብስቦ ያስጨበጭባል። ኢንተርኔት ቤት መሄድም ቀርቷል፤ በስልክ ብቻ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ በየወሩ ትንሽ ክፍያ። ያው የድሮው ነገር። አንድ ችግር ብቻ ገጠመው፤ ከግንቡ ውስጥ የሚመዘገብለት ሰው ጠፋ። የሄደበት ቤት ሁሉ «እስቲ መጀመሪያ የልብስ ሰፊዋን ነገር ጨርስ» ይለዋል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከ!

እንደ ያኔው እሑድ ረፋድ ነበር። ሁለቱ ያው የድሮዎቹ ናቸው፣ ሦስተኛው አዲስ ሰው። እህቴ መስኮቱ ሥር ትሰፋለች፤ የአባባ ሐጂ የልጅ ልጅ ልታገባ ነው፣ ቀሚሷ ነበር በእጇ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

«እሺ ሳትሉን አንቀመጥም» አሉ። ልጁ ተጸጽቷል፣ ያለፈው አልፏል፣ ጎረቤት ነው፣ ለእኛ ስትዪ ይቅር በዪው። ያጠራቀምኩትን ስድብ ሁሉ ላዘንብባቸው ከወንበሬ ተነሣሁ። እህቴ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ሞተሩን አጠፋች። ቀና ብላ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«እሺ» አለች በቀስታ። «ዋሱ ማነው?»

አንደኛው ጣሪያውን አየ። ሁለተኛው ጫማውን። አዲሱ ሰውዬ ሁለቱን አየ። ከውጭ የነጩ መኪና ሞተር ይሰማል። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ የሙሽራዋን ቀሚስ መርፌው ሥር አስተካከለችና ስፌቷን ቀጠለች። ሽማግሌዎቹም ሳይቀመጡ ሄዱ።